ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ የፊት ውበት ሕክምናዎች፦ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላላቸው የተዘጋጀ መመሪያ

ቢላና ስፌት የማያስፈልጋቸው የፊት ውበት ሕክምናዎች ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በዱባይ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በቴል አቪቭ በየክሊኒኩና በየውበት ሳሎኑ ይቀርባሉ። ቦቶክስ (ጡንቻን የሚያዝናና መርፌ)፣ ፊለር (የጎደለ ቦታ የሚሞላ ጄል)፣ ኬሚካል ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ)፣ ሌዘርና ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) የሚሉት ስሞችም በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ምክንያት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደሉም። ማስታወቂያዎቹ ግን አንድ ዋና ነገር ይዘላሉ። የእኛ ቆዳ ሜላኒን የተባለውን ቀለም በብዛት ስለሚያመርት ከፀሐይ የተሻለ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፣ መጨማደድም ዘግይቶ ይጀምረዋል፤ ሲቆጣ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቆስል ግን የሚሰጠው ምላሽ መጥቆር ነው። ለነጭ ቆዳ የአንድ ሳምንት መቅላት ብቻ የሚያስከትል ሕክምና በጠይም ፊት ላይ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ የመሣሪያው ዘመናዊነት በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ሲሆን፣ ውጤቱን በዋናነት የሚወስኑት ከሕክምናው በፊት የሚደረገው ዝግጅት፣ የባለሙያው ልምድና ከፀሐይ የሚደረገው ጥበቃ ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩን ለይተው ይወቁ

ወደ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ፊትዎን ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ፣ ጠዋት በመስኮት ብርሃን በመስተዋት ይመልከቱ፤ በዚያው ብርሃንም ያለ ፊልተር ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይነሡ። ለውጥ መኖር አለመኖሩን በኋላ የሚያረጋግጥልዎ ይህ ፎቶግራፍ ስለሆነ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። ቀጥሎም የሚያስጨንቅዎት ነገር የቀለም፣ የመስመር፣ የጠባሳ ወይስ የመርገብ ችግር መሆኑን ይለዩ፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ሊጎዳ ይችላልና።

ግንባርዎን ቋጥረው መልሰው ይፍቱት። ፊትዎ ሲፈታ የሚጠፉት መስመሮች ከጡንቻ እንቅስቃሴ የመጡ ናቸው፤ ቦቶክስ የሚሠራውም በእነዚህ ላይ ነው። ፊትዎ ካረፈ በኋላም ተቀርጸው የሚቀሩት ግን በቦቶክስ ብቻ አይጠፉም። የብጉር ጠባሳ ካለብዎት ቆዳውን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ወደ ጎን ይሳቡት። ሲሳብ የሚስተካከለው ሰፊ ጉድጓድ ለማይክሮኒድሊንግ ደህና ምላሽ ይሰጣል፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስለው ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ግን ሐኪም በጠባሳው ውስጥ ብቻ ጠንከር ያለ አሲድ እያስነካ የሚሠራውን ዓይነት የተለየ ዘዴ ይፈልጋል። በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚወጡት፣ በዕድሜ የሚበዙትና በቤተሰብ የሚወረሱት ትንንሽ ጥቁር ጉብታዎች ደግሞ በቅባትም ሆነ በፒሊንግ አይነሡም፤ የቆዳ ሐኪም በቀላል የኤሌክትሪክ ማቃጠያ አንድ በአንድ የሚያነሣቸው ናቸው። ቅርጹን ወይም ቀለሙን የሚለውጥ፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ምልክት ካለ ከማንኛውም የውበት ሕክምና በፊት በሐኪም መመርመር አለበት።

ማድያት ተለይቶ መታየት አለበት። በሁለቱም ጉንጮች፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ ተመሳስሎ የሚወጣው ይህ ጥቁረት ከእርግዝና፣ ከወሊድ መከላከያ እንክብል፣ ከዘር፣ ከፀሐይና ከሙቀት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እየተቆጣጠሩት የሚኖሩት እንጂ አንዴ አክመው የሚገላገሉት ሕመም አይደለም። በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ሌዘር ማድያትን ከነሥሩ እናጠፋለን የሚል ማንኛውም ቦታ እውነቱን እየነገረዎት አይደለም። የሌዘሩ ሙቀት ራሱ ማድያቱን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ሌዘር ለማድያት ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ በጥንቃቄ የሚታሰብ አማራጭ ነው።

ከሕክምናው በፊት ያሉት ሳምንታት

ፊትዎን የሚቀቡትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ፊት ያጠራሉ፣ ያቀላሉ እየተባሉ ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ያሉባቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠራሉ፤ ሲውሉ ሲያድሩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያሳያሉ። በሳሳ ቆዳ ላይ ፒሊንግ ወይም ሌዘር መሥራት ቃጠሎ መጋበዝ ነው። ለወራት ሲቀቡት የቆዩትን ስቴሮይድ በአንድ ቀን ማቆምም ፊትን ክፉኛ ስለሚያስቆጣ፣ የማቆሙን ሂደት የቆዳ ሐኪም ይምራዎት። ምን እንዳለበት የማይታወቅ፣ መለያ ጽሑፍ የሌለው ወይም በሱቅ ውስጥ ተበጥብጦ የተሸጠልዎትን ክሬምና ሳሙና ግን እንኳን ለፊት ለእጅም አይጠቀሙበት፤ ከእነዚህ መካከል ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ።

ሁለተኛው ዝግጅት የፀሐይ መከላከያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የአየሩ ቅዝቃዜ ፀሐይዋ የማትጎዳ ያስመስላል እንጂ ከጎንደር እስከ አሰላ ያለው ደጋ ሁሉ ጨረር የሚበዛበት አገር ነው። ኤስፒኤፍ የተባለው የመከላከል አቅም መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) በየቀኑ ጠዋት ይቀቡ፤ ለፊትና ለአንገት የሚበቃው መጠን በአመልካችና በመካከለኛ ጣትዎ ርዝመት ልክ የሚወጣ ሁለት መስመር ነው። ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ማድያት ወይም ጥቁር ምልክት ያለበት ሰው ደግሞ አይረን ኦክሳይድ የተባለ ማዕድን ያለበትን ባለቀለም ሰንስክሪን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ጭምር ነው፣ ተራው ሰንስክሪን ደግሞ ይህን ብርሃን አያግደውም። ባለቀለሙ ነጭ ሽፋን በፊት ላይ ስለማይተው ለእኛ መልክም የሚስማማ ነው።

ፒሊንግ ወይም ሌዘር ከመሠራቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ቀለም የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። አዜላይክ አሲድ፣ ትሬቲኖይን እና ሃይድሮኪኖን በብዛት የሚታዘዙ ናቸው። ሃይድሮኪኖን ውጤታማ ቢሆንም ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለማስለቀቅ እጅግ የሚከብድ ጥቁረት ያመጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ክሬሞች ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለውና በአሜሪካም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ትሬቲኖይን የሚቀቡ ከሆነ ከፒሊንጉ ጥቂት ቀናት በፊት እንዲያቆሙ ይነገርዎታል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል ከወሰዱ፣ በከንፈርዎ ላይ ምች የሚመላለስብዎት ከሆነ፣ የቀድሞ ቁስልዎ ኬሎይድ ወደሚባለው፣ ከቁስሉ አልፎ ወደሚያብጥ ወፍራም ጠባሳ ተለውጦ ከነበረ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለዎት፣ አንዱንም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሠርግ ቀን የተቆረጠለት ሰው ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥሮ ይነሣ። ለጥር ሠርግ ተከታታይ ፒሊንግ የሚጀመረው በክረምት፣ ፀሐይ በምትለዝብበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ደመናው ጨረሩን ሙሉ በሙሉ ስለማያግድ ሰንስክሪኑ በክረምትም አይቀርም። ቦቶክስና ፊለር ቢያንስ አንድ ወር ሲቀር ይደረጉ። በሠርጉ ሳምንት ፊት ላይ አዲስ ነገር መሞከር በፍጹም አይገባም።

ለየትኛው ችግር የትኛው ሕክምና

ኬሚካል ፒሊንግ ማለት የላይኛውን የቆዳ ሽፋን በአሲድ አላልቶ እንዲላጥ ማድረግ ነው። ለእኛ ቆዳ በአንጻራዊነት አስተማማኞቹ ላዩን ብቻ የሚነኩት ናቸው፤ እነሱም ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ማንዴሊክ አሲድ እና ዝቅ ካለ መጠን የሚጀመር ግላይኮሊክ አሲድ ናቸው። ሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት ወዳለበት ቀዳዳ ስለሚገባ ብጉርና የብጉር ጥቁር ምልክት ላለበት ሰው ተመራጭ ነው። ሥራው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እያራራቁ አራት ወይም ስድስት ጊዜ ይደገማል። በሦስተኛው ቀን ገደማ በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ስስ ወረቀት መነሣት ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ በጥፍር የሚላጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ከሥሩ ያልበሰለውን ቆዳ ስለሚያጋልጥ ምልክት ይተዋል። ጥልቅ ፒሊንግ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ አይመከርም። በኢንተርኔት የሚሸጡ ጠንካራ አሲዶችን ገዝቶ ቤት ውስጥ መቀባት በዓይንም በቆዳም ላይ ዘላቂ ጉዳት ያደርሳል።

ሌዘርን ለመምረጥ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካውያኑ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የተመረጠ የብርሃን ዓይነት በተመረጠ ፍጥነት ሲተኮስ የሚፈለገውን ቀለም ብቻ አሙቆ አካባቢውን ሊተው ይችላል። ጨረሩ የሚፈልገው የፀጉር ሥርን ወይም በቆዳ ውስጥ ያለውን ጥቁር ምልክት ነው፤ ነገር ግን የእኛ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ራሱ ሜላኒን የሞላበት ስለሆነ ጨረሩን በመንገድ ላይ ይቀበለውና ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው፤ ይህ ሞገድ በሜላኒን ብዙ ሳይያዝ ወደ ጥልቀት ይገባል። አይፒኤል የሚባለው ብልጭታ መሣሪያ በየሳሎኑ ስለሚገኝና ርካሽ ስለሆነ የሚመረጥ ቢሆንም ለጥቁር ቆዳ አደገኛ ነው። ባለሙያው የመሣሪያውን ዓይነትና የሞገድ ርዝመቱን ሊነግርዎ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ከአልጋው ይነሡ። በጆሮ ሥር ወይም በአገጭ ጠርዝ ላይ ትንሽ የሙከራ ምት እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ጥቁረት ወዲያው ስለማይታይ ሙሉውን ፊት ከማሠራትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አንድ ወር መጠበቅ ይሻላል። በአገጫቸው ላይ ፀጉር የሚበቅልባቸው ሴቶች ሊያውቁት የሚገባ ነገርም አለ፤ ሌዘር አንዳንድ ጊዜ በፊትና በአንገት ላይ ፀጉርን በመቀነስ ፋንታ ያበዛል። የወር አበባ መዛባት አብሮ ካለ ከሌዘሩ በፊት የሆርሞን ምርመራ ቢደረግ ይመረጣል።

ማይክሮኒድሊንግ በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳን እየወጉ ኮላጅን የተባለውን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን አዲስ እንዲያመርት የሚያነሣሣ ዘዴ ነው። ሙቀት ስለማይጠቀም ከብዙ ሌዘሮች ይልቅ ለጥቁር ቆዳ የመጥቆር አደጋው አነስተኛ ነው፤ በእኔ እምነት ለብጉር ጠባሳ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባውም ይኸው ነው። ንቁ ብጉር ባለበት ፊት ላይ ግን አይደረግም። ከዚሁ ጋር የራስን ደም ወስዶ በማጣራት ፊት ላይ የማድረግ አሠራር ተስፋፍቷል። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት ይህን ያሠሩ ሴቶች በኤችአይቪ መያዛቸውን የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ ይመልከቱ፤ ደም የተቀዳበት ቱቦ ላይም ስምዎ ሲጻፍ ይዩ።

ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝናና ፕሮቲን ነው። ካናዳውያኑ ባልና ሚስት ጂንና አላስቴር ካሩዘርስ ለዓይን ሕመም ይሰጥ የነበረው ይህ መድኃኒት የቅንድብ መሐል መስመርን እንደሚያጠፋ አስተውለው በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2002 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጥቅም ፈቅዶታል። ውጤቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ይሞላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ቀለም ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ለጥቁር ቆዳ የተለየ አደጋ የለበትም። አደጋው ከመድኃኒቱ እውነተኛነትና ከወጊው እጅ የሚመጣ ነው። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ድረስ በአሜሪካ በ11 ግዛቶች የሚኖሩ 22 ሴቶች ሐሰተኛ መድኃኒት ወይም ባልተገባ ቦታ የተሰጠ መርፌ ተወግተው መታመማቸው ተመዝግቧል። እውነተኛው ቦቶክስ የሚመጣው በታሸገ ትንሽ ብልቃጥ ሲሆን፣ በብልቃጡ ታች ያለው ደረቅ መድኃኒት እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ብልቃጡ ባዶ ይመስላል። ባለሙያው ከማቀዝቀዣ አውጥቶ፣ ማሸጊያውን በፊትዎ ከፍቶ፣ በንጹሕ የጨው ውሃ በጥብጦ በሲሪንጅ ሲቀዳ ማየት መብትዎ ነው። ቀድሞ በሲሪንጅ ተቀድቶ የቀረበልዎትን፣ ስሙና የመጠቀሚያ ጊዜው የማይታየውን ግን አይቀበሉ። የሌሎች ፋብሪካዎች ተመሳሳይ መድኃኒቶች አለካካቸው ስለሚለያይ የመድኃኒቱን ስምና የተሰጠዎትን መጠን ጽፈው ይያዙ።

ፊለር በጎደለ ቦታ የሚሞላ ጄል ነው። ከዓይነቶቹ መካከል በሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራውን ብቻ ይምረጡ፤ እንደ ቦታውና እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥፋት ቢደርስ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ መድኃኒት ይሟሟል። ፈሳሽ ሲሊኮን ፊት ውስጥ ከገባ እድሜ ልክ የሚቆይ ጣጣ ነው። የፊለር ትልቁ አደጋ ጄሉ የደም ሥር ውስጥ መግባቱ ሲሆን፣ በቅንድብ መሐልና በአፍንጫ አካባቢ ይህ ሲሆን ዓይንን እስከማሳወር ይደርሳል። ስለዚህ ለሐኪሙ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ሃያሉሮኒዴዝ አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ አለ ወይ የሚል ይሁን። በግፊት የሚረጭ ያለ መርፌ ፊለር መሙያ ብዕር በኢንተርኔት ቢያዩ አይግዙ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን በይፋ አስጠንቅቆበታል።

ቆዳን በራዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ አሙቆ የማጥበቅ ዘዴም አለ። ኃይሉ ከላይኛው ሽፋን በታች ስለሚያርፍ በትክክል ከተሠራ ለጥቁር ቆዳ ይስማማል፤ ለውጡ ግን መጠነኛ ነው፣ የሚታየውም ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቆዳው በጣም ለረገበ ሰው ዋጋውን የሚያወጣ አይመስለኝም።

ባለሙያውን ስለ መምረጥ

ኢትዮጵያ ውስጥ የቆዳ ስፔሻሊስቶች በብዛት በከተማ የተወሰኑ በመሆናቸው የውበት ባለሙያና ሐኪም የሚምታቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ፌሻል፣ እንፋሎትና ማጽዳት የውበት ባለሙያ ሥራ ናቸው፤ መርፌ፣ ሌዘርና ፒሊንግ ግን የሐኪም ወይም በሐኪም ኃላፊነት የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ናቸው። የፈቃድ ወረቀቱን ይጠይቁ። በአሜሪካ የሚኖሩ በየግዛቱ የሕክምና ቦርድ መዝገብ ላይ የሐኪሙን ስም ያለ ክፍያ ማየት ይችላሉ። አቅም ለሚያንሰው ሰው ደግሞ እንደ አለርት ያለ የቆዳ ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ምርመራ ከማንኛውም የሳሎን ምክር ይበልጣል። እንደ እርስዎ ዓይነት ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ የበፊትና የበኋላ ፎቶግራፍ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የሚያሳይዎት የውጭ አገር ነጭ ፊቶች ብቻ ከሆኑ ልምዱን አላሳየዎትም ማለት ነው። ጥሩ ሐኪም አንዳንዴ ይህ ለእርስዎ አያስፈልግም ይላል፤ እንዲህ ያለውን ሐኪም ካገኙ አይልቀቁት።

ከሕክምናው በኋላ

ከፒሊንግ፣ ከሌዘር ወይም ከማይክሮኒድሊንግ በኋላ ላለው አንድ ሳምንት ፊትዎን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ማጠቢያ ብቻ ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይቀቡ፤ ትሬቲኖይን፣ ቫይታሚን ሲና ማሻሻ ክሬም አይንኩ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የጥርስ ሳሙና ፊት ላይ አይደረግም። ሙቀትም ቀለምን ስለሚቀሰቅስ በዚያ ሳምንት ከእንጀራ ጋገራ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ከመቀመጥ፣ ከስቲም ባዝና ከወይባ ጢስ መራቅ ይገባል፤ ማድያት ያለበት ሰው ይህን በዘወትር ኑሮውም ቢያስብበት ይጠቅመዋል። ቦቶክስ የተወጋ ሰው ለጥቂት ሰዓታት ቦታውን አይሽ፣ በዚያን ቀን ከባድ ስፖርት አይሥራ።

ፊለር ከተወጉ በኋላ ቆዳው ነጭ ቢሆን፣ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ቢይዝ፣ ሕመሙ ከሚጠበቀው በላይ ቢጸና ወይም ዓይንዎ ቢደበዝዝ ነገ ይሻለኛል ብለው አይደሩ፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ወጋዎት ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከቦቶክስ በኋላ የዓይን ቆብ ትንሽ መውደቅ በሳምንታት ውስጥ የሚመለስ ነው፤ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ከከበደዎት ግን ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልግዎታል። ውሃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ቃጠሎም በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለበት።

ሁሉ ተጠንቅቀው ሳለ ፊትዎ ቢጠቁር ጥቁረቱን በሌላ ሌዘር ወይም በጠንካራ ፒሊንግ ለማስለቀቅ አይቸኩሉ፤ የተቆጣ ቆዳ ሲነካ ይብስበታል። ቁጣው እስኪበርድ ሰንስክሪኑን ያለማቋረጥ ይቀቡ፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቀለም የሚያረጋጋ መድኃኒት ይጠቀሙ፣ በየወሩ በዚያው መስኮት ብርሃን ፎቶግራፍ እየተነሡ ያወዳድሩ። በላይኛው ሽፋን ላይ ያለ ጥቁረት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ከስድስት ወር በኋላም ለውጥ ካልታየ ፎቶግራፎቹን ይዘው ለሁለተኛ የቆዳ ሐኪም ያሳዩ።